ድንጋዩ የለሰለሰ ዕለት

ውድ ልጄ መሳፍንት፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ግን «እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ብጠይቅህ መልሱን ከማን እሰማለሁ? ሰላምታዬን ለወሰደህ ጌታ ትቼ ወደ ነገሬ ልግባ። እጄ እንደምታውቀው ዘገምተኛ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ዛሬም ከመስመሩ ይወጣብኛል። ስጽፍ ከጎኔ ቁጭ ብለህ «እማ፣ እዚህ ላይ ንጉሡ ሠ ነው እንጂ እሳቱ ሰ አይደለም» ትለኝ ነበር። አሁን የሚያርመኝ የለም፤ የመጣልኝን እጽፋለሁ። ታግሠህ አንብበው።

ልጄ፣ ክልክል ሄጄ መጣሁ።

ከቁይ በላይ፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበውን ያን ግንብ መቼም አትረሳውም። ሩሲያዎቹ ከደርግ ወታደሮች ጋር የሚኖሩበት ከተማ ነበር። ምስጢር ስለሆነ ስም አልነበረውም። በሩ ላይ በትልቁ «መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎ ስለነበር አገሬው ስሙን ክልክል አለው። «በየት አለፍክ?» ሲሉት «በክልክል ጥግ» ይላል። እኔ እዚያ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር አስፈርመውኝ ስለነበር፣ ሥራዬን ሲጠይቁኝ «መንግሥት እርሻ» እላለሁ። አባትህ አንተ በሆዴ ሳለህ ስላረፈ የምተውህ ሰው አልነበረኝምና አዝዬህ ነበር የምገባው። ሁለት ዓመት አልፎህም አትራመድም ነበር። አንድ ቀን አለቃው ሕፃን እንዳይገባ ብሎ ሲያዝዝ ዘበኛው ሳቀ፦ «ጌታዬ፣ የማይራመድ ልጅ ምን ምስጢር ይዞ ይወጣል?» በዚች ቀልድ እንጀራችን ተረፈች።

ካደግህ በኋላ ከዚያ ሁሉ አንዱንም አታስታውስም ነበር። በመኪና ስናልፍ ግንቡን እያየህ ትጠይቀኛለህ። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ እየገባ ቆርቆሮና ጣውላ ሲያወጣም «እንሂድ» አልከኝ። እኔ ግን ፈንጂ ቀብረውበታል የሚለውን ወሬ ሰምቼ ፈራሁ። ወደ ጦር ሜዳ ስትሄድ አውቶቡሱ ላይ ሆነህ «ስመለስ ግን አብረን እንገባለን፤ መጀመሪያ የረገጥኩበትን ታሳዪኛለሽ» አልከኝ። «እሺ» አልኩህ። ፈንጂ ፈርቼ ከዚህ ብከለክልህ፣ ፈንጂው እዚያ ጠበቀህ።

መርዶህ መጣ፤ አንተ አልመጣህም። ሌላዋ እናት ሙት ዓመት ሲደርስ የልጇ መቃብር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ በየትኛው ድንጋይ ላይ ልቁም? ይህን ሳስብ ነው አንድ ድንጋይ እንዳለህ ትዝ ያለኝ። በዚያው ሰሞን ማርቆስ ገበያ ላይ አንዲት የቁይ ሴት «ክልክልን ለመንገድ ሥራ ሊያፈርሱት ነው» ስትል ሰማኋት። በማግስቱ ነጠላዬን ለበስኩና አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቁይ ስደርስ አንሙትን ፈለግሁት። አንሙት ደባይ የሚባለው የዚያው የቁይ ዙሪያ አገር ተወላጅ ነው፤ ክልክል ሲሠራ ሲሚንቶ ያቦካ ነበር። የግንበኞቹ አለቃ ቫሲሊ የሚሉት ሩሲያዊ ነበር፤ እኛ ባስልዮስ አልነው። ባስልዮስ ቀኑን ሙሉ «ዳቫይ! ዳቫይ!» እያለ ይጮኻል። በነሱ ቋንቋ «በል እንጂ፣ ቶሎ» ማለት ነው አሉ። አንሙት ግን «ደባይ» እያለ በአገሩ ስም የሚጠራው መስሎት በተጠራ ቁጥር አካፋውን ጥሎ «አቤት!» እያለ ይሮጣል። ሰው በሳቅ ሞተ። ትርጉሙን ሲነግሩትም አልተወም፤ «ፈረንጅ አገሬን አክብሮ ከጠራልኝ እኔስ አቤት ብል ምን እጎዳለሁ?» አለ።

አሁን ሸምግሏል። ከቤቱ ደጃፍ ሲያየኝ በበትሩ ጠቆመኝ።

«አንቺ የብርጓል! አልሞትሽም?»

«አንተ ሳትቀድመኝ?»

«እኔማ ሩሲያ የገነባኝ ነኝ፤ አልፈርስም።»

«ሩሲያ የገነባውማ ሊፈርስ ነው አሉ» ስለው ሳቁን ዋጠው። የመጣሁበት ነገር ገባው መሰለኝ። ምንም ሳይጠይቀኝ ጋቢውን ደረበና ቀደመኝ።

ልጄ፣ ቃል በገባሁልህ መሠረት አንድ በአንድ ላሳይህ። የብረቱን በር ነቅለው ወስደውታል። ከበሩ በላይ ግንቡ ላይ የተጻፈው ግን አለ፤ «መግባት» የሚለው ተልጦ «ክልክል ነው» ብቻ ቀርቷል። አንሙት በሩ ላይ ቆሞ በትሩን እንደ ጠመንጃ ያዘና «ፈቃድ አለሽ?» አለኝ። «የማይራመድ ልጅ አዝያለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቁን መጨረስ አቃተኝ።

መንገዱ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው፤ በየስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። የፎቅ ቤቶቹ ጣሪያም መስኮትም የላቸውም። የመኮንኖቹ ሚስቶች አበባ ያስቀምጡበት በነበረው ደረጃ ላይ ሰንሰል በቅሏል። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ወንበሮቹ የሉም፤ ወለሉ ላይ የታሰሩበት ብረት ብቻ በተርታ ቆሟል። የእንፋሎት መታጠቢያቸውንም አየሁት። ሰዎቹ እዚያ ገብተው በቅጠል እርስ በርሳቸው ሲገራረፉ ያየ አንድ ዘበኛ «እነዚህስ ንስሐ ይገባሉ» ብሎ ያወራው ትዝ አለኝ።

አንድ ትልቅ ግድግዳ ላይ ወደ ሰማይ የሚወጣ ሰው ሥዕል አለ፤ ክብ መስታወት በራሱ ላይ ደፍቷል። አንሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባለፈው አንዲት ሴትዮ እዚህ ቆማ ስትሳለም አገኘኋት» አለኝ።

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? በራሱ ዙሪያ ብርሃን አይታ ነው። ‹የጨረቃ መንገደኛ ነው› ብላት ማን ያምነኛል?»

በየግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቀይ የተቀባው ሁሉ ተፈልጦ ለመንገዱ ጠጠር ይሆናል አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ገሰገስኩ። ገመድ የምወጥርባቸው ብረቶች አሁንም አሉ። ግድግዳውን ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ያ ቡናማው የሩሲያ ሳሙና የሸተተኝ መሰለኝ። አንተንም በእሱ ነበር የማጥብህ፤ ሰፈር ስንመለስ ሴቶቹ አንገትህን እያሸተቱ «ይኼ ልጅ ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» ይሉህ ነበር።

የረገጥክበት ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ከውኃ ጋኑ ሥር ነው። ያን ዕለት አንሶላ አሰጣለሁ፤ አንተ ቀሚሴን ይዘህ ቆመሃል። ወንዶቹ የጋኑን ወለል ሲሚንቶ አፍስሰው ደልድለው ገና መጨረሳቸው ነው። ባስልዮስ ከማዶ ሆኖ አየህ። ቁጢጥ አለና ሁለት እጁን ዘርግቶ «ዳቫይ፣ ማልቺክ፣ ዳቫይ!» አለህ፤ ማልቺክ የሚሉት ወንድ ልጅን ነው። አንተ ከንፈርህን ነከስክ። ሳላስበው ቀሚሴ ቀለለኝ። ስዞር ለቀኸኝ ሄደሃል፤ ቀኝ እግርህ እርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ ገብቷል። ባስልዮስ ሳትወድቅ አፈፍ አድርጎ ወደ ላይ ወረወረህ። እሱ በቋንቋው ይጮኻል፣ እኔ እልል እላለሁ፣ አንሙት ከወዲያ «አቤት!» እያለ ይሮጣል። ግንበኛው ዱካህን ሊደለድለው መደልደያውን ሲያነሣ ባስልዮስ እጁን ያዘው። «ኔት!» አለው። ኔት እምቢ ማለት መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ።

ይህን እያሰብኩ ጥጉን ስዞር ሰው አገኘሁ። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ጧፍ ይበራል። በመካከላቸው መሪጌታ አወቀ የሚባሉ ሽማግሌ ጥላ ይዘው ቆመዋል። አንሙት ክንዴን ያዘኝ።

«ሳልነግርሽ ያመጣሁሽ አይተሽ እንድትፈርጂ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ድንጋይ ላይ የሕፃን እግር አገኙ፤ የሕፃኑ ቂርቆስ ነው አሉ። ከተሰነጠቀው ቧንቧ ውኃ እየተንጠባጠበ ስለሚሞላበት ጠበል ሆነ። የማይራመድ ልጅ ያለው ሁሉ እያመጣ እግሩን ያስነክራል።»

ዓይኔ ቀይ ቀለም ፈለገ። ወለሉ ላይ የለም። ጋኑ ላይ የለም።

«ለማፍረስ የመጡት ሲደርሱ አገሬው ተኛበት» አለኝ። «የቅዱስ ነው ብለው ተዉት። የሲሚንቶ ነው ካልሽ፣ የብርጓል፣ ነገ በዶማ ይፈልጡታል።»

ልጄ፣ የልቤን ልንገርህ። «የኔ ነው! የልጄ ነው!» ብዬ ልጮኽ አፌን ከፍቼ ነበር። ስንት ዓመት የምቆምበት ድንጋይ ስፈልግ ቆይቼ፣ ሳገኘው ሌላ ስም ተሰጥቶታል። አንተን ሁለተኛ የወሰዱብኝ መሰለኝ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እኔ ግን ከጮኽኩ ነው የማጣህ። አፌን ዘጋሁና ተራዬን ጠብቄ ተንበረከክሁ።

አንተ ነህ። ውኃው ውስጥ ጣቴን ነክሬ ዳሰስኩህ። መሪጌታ ከላዬ ሆነው ለሴቶቹ ያስረዳሉ፦ «አራት ጣት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። አራቱ ወንጌላውያን ናቸው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ።»

ራሴን ረሳሁ። «አምስት ናቸው፣ የኔታ» አልኩ። «ሁለተኛዋ በአውራ ጣቱ ላይ ተደርባ ነው።»

 ያቺ ጣትህ ስንት ጫማ እንደጨረሰች እኔና አንተ እናውቃለን። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ከጣቴ ጎን ጣታቸውን ነከሩ። ከዚያ አዩኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

አንሙት ከኋላዬ አክ አለ። እኔ ከውሸትም ከእውነትም መካከል አንድ ቃል ፈለግሁ።

«የልጅ እግር አጥቤ አውቃለሁ፣ የኔታ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሽማግሌው የቅኔ መምህር ናቸው አሉ፤ ውስጡን የሰሙት ይመስለኛል። ቀና ብለው ለሴቶቹ «ድንጋይ በምን ለሰለሰ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ» አሉ። «ለልጅ እግር የማይለሰልስ ምን አለ?» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«አምደ ሚካኤል።»

«አለ ወይስ አርፏል?»

«አርፏል፣ የኔታ።»

«እንግዲህ እዚህ ቂርቆስ በተነሣ ቁጥር እሱም ይነሣል።»

ቅኔ ቤት ባልውልም ይህች ወርቅ አላመለጠችኝም። ስምህ ይነሣል፤ አንተም ትነሣለህ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሴቶቹ ስለት ያለብኝ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

ከመሄዴ በፊት ጥሩብርሃን የምትባል አንዲት ወጣት እናት «እማማ፣ ያዙልኝ» ብላ ልጇን አቀበለችኝ። ማርያማዊት ትባላለች፤ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ አልተራመደችም። እግሯን በእግርህ ውስጥ አጠብነው። እናቷ ብብቷን ይዛ አቆመቻት። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወለሉን ዞሬ ከማዶ ቁጢጥ አልኩና እጄን ዘርግቼ «ደባይ! ደባይ!» አልኳት።

«አቤት!» አለ አንሙት፤ ሽማግሌው! ሴቶቹ አንዱም ሳይገባቸው ሳቁ።

ልጅቷ አልተራመደችም። ግን እናቷ እጇን ስትለቃት ለብቻዋ ቆመች፤ እንደ አንተ ከንፈሯን ነክሳ አየችኝና ቁጭ አለች። ጥሩብርሃን «ቆመች!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ያ ቦታ የመጀመሪያ እርምጃ የተረገጠበት ነው፤ እሱ ላይ አልተሳሳቱም። የቀረውን ቂርቆስ ይቅር ይበለን። የእሱም እናት ኢየሉጣ በእሳት መካከል ሆና ልጇን ያልለቀቀች ናት፤ ነገሩ የሚጠፋት አይመስለኝም።

መሳፍንቴ፣ ከእንግዲህ በሙት ዓመትህ የምቆምበት አለኝ። እግሬ እስከቻለ ድረስ እሄዳለሁ፤ ጣቴን እነክራለሁ፤ ማንም አይጠይቀኝም። አሁን እኔም ዘገምተኛ ሆኛለሁ፣ አንተ ደግሞ ከማዶ ነህ። ቀኑ ሲደርስ እንደ ባስልዮስ ቁጢጥ በልና እጅህን ዘርግተህ «ደባይ» በለኝ። «አቤት» እላለሁ።

አዝላህ የገባች እናትህ፣
የብርጓል
ደብረ ማርቆስ