የሐኪሞችን ድምፅ ሲጽፉ የኖሩት እትዬ ድገሙልኝ

በሰፈሩ ሁሉ እትዬ ድገሙልኝ እየተባሉ የሚጠሩት ጎረቤታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ በ1955 ዓ.ም. ከድልድዩ ማዶ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ለሥራ ሲወጡ ታናሽ እኅታቸውን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው።

በ1973 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው የጽሕፈት መኪና ተማሩና በአንድ የመድን ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. የቢሮውን መብራት ሊጠግኑ የመጡትን ኤሌክትሪሻን አገቡ፤ መብራቱ ግን በወጉ አልተሠራም ይባላል። ከትዳራቸውም አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ድርጅቱ በ1995 ዓ.ም. ሲዘጋ አርባ ዓመታቸው ነበር። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ እጁን አጣጥፎ ዕድሉን ይረግማል፤ እርሳቸው ግን የሕክምና ድምፅ ጽሕፈት ሥልጠና ገቡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ሲጨርስ ያገኘውን በመቅረጫ ይናገራል፤ ጸሐፊዋ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ለበሽተኛው ማኅደር በጽሑፍ ትገለብጠዋለች። እግር ሥር ፔዳል አለ፤ ሲረግጡት ድምፁ ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል፣ በተረከዝ ሲጫኑት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጠረጴዛ አስገብተው ሲረግጡ ያየ ሁሉ «የአባቷን ስፌት ወረሰች» ብሎ ሳቀ። ባለቤታቸው ደግሞ «ዛሬ እራት የለም እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ዝም በል አንተ፣ ገና ጉበት ላይ ነኝ!» ይሉ ነበር። ጉበትን ጨርሰው ወደ ኩላሊት እስኪሻገሩ ቤተሰቡ ደረቅ ዳቦ በላ።

አስተማሪያቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። «የሰማችሁትን ጻፉ፤ ያልሰማችሁትን አትገምቱ፣ ቦታውን ባዶ ተዉት። ግምት ሰው ይገድላል» ብለው አስተማሯቸው። እትዬም በመጀመሪያው ፈተና ሐኪሙ ሳል እያቋረጠው የተናገረውን ባዶ ትተው ወደቁ፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ገምታ አለፈች። ዳግመኛ ተፈትነው በ1998 ዓ.ም. ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ባለቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉላቸው፤ እስከ ዛሬ እንደተንጋደደ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ሆነው ለክሊኒኮች ጻፉ። የማን በሽታ ምን እንደሆነ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እንዲያውም ወሬ ይዞ የሄደውን ሰው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? እስቲ ድገምልኝ» እያሉ ሲያፋጥጡት ነው ስሙ የወጣላቸው። ስለ ሐኪሞቹ ግን አንድ ነገር ይናገሩ ነበር፦ «ደህና ወሬ ያለው ሐኪም ሲናገር ይሮጣል፤ ክፉ ያየ ቀስ ይላል።»

በ2010 ዓ.ም. ክሊኒኮቹ ሐኪሙ ሲናገር ራሱ የሚጽፍ ማሽን አስገቡ። እትዬን የማሽኑን ስሕተት እንዲያርሙ አደረጓቸው፤ ጥቂት ቆይተው ያንንም ሥራ አስቀሩባቸው። ደውሎ እናመሰግናለን ያላቸው ሰው የለም። ልጃቸው ፔዳሉን አንሥታ «እማዬ፣ ይሄስ ይጣል?» ስትላቸው «ከተቀመጠበት ተዪው» አሉ። እዚያው ጠረጴዛው ሥር አለ።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ሆዳቸውን አመማቸው። ሐኪሙ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ኮሪደር ላይ ለብቻ ጠርቶ ካንሰር መሆኑንና መሰራጨቱን ነገራቸው። ቤተሰብ መከረና ጨጓራ ነው እንዲባል ተስማማ፤ ሐኪሙም ተለምኖ ጨጓራ ነው አላቸው። ጎረቤቱም «ጨጓራ የሌለበት ማን አለ?» እያለ አጀበ። ይህ ሁሉ ሐኪም ሲያዳምጡ ለኖሩት ሰው!

እትዬ ከሆስፒታል እንደተመለሱ ግድግዳ ለምትጋራቸው ጎረቤታቸው «ሐኪሙ ጨጓራ ሲለኝ ቀስ አለ። ለጨጓራ ማንም ቀስ አይልም» አሏት። ልጃቸውንም ጠየቁ።

«ምን አለሽ? ድገሚልኝ።»

«ጨጓራ ነው፣ እማዬ።»

«ድገሚልኝ።»

«ጨጓራ ነው አልኩሽ እኮ!»

ከዚያች ቀን ወዲያ ማንንም ድገሙልኝ ብለው አያውቁም።

የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዝለው ያሳደጓት እኅታቸው ካለችበት ሩቅ ከተማ እንድትጠራላቸው። «የምነግራት አለኝ» አሉ። እኅት ከመጣች ነገሩ ይገባቸዋል ተብሎ ተፈራና «ሲሻልሽ አንቺው ትሄጃለሽ» ተባሉ። እትዬም «እሺ» አሉ። ማክሰኞ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ የጨጓራው ሽሮፕ ራስጌያቸው እንደተቀመጠ፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ዛሬ የምናነብላቸው የሕይወት ታሪክ ሲዘጋጅ «የሰማችሁትን ጻፉ፣ እንዳታሳምሩት» ያለችው ልጃቸው ናት። እትዬ ድገሙልኝ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኅታቸውን ትተው አልፈዋል። እኅታቸው ትናንት ገብታ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ ሊነግሯት የፈለጉት ምን እንደሆነ ማንንም ብትጠይቅ የሚደግምላት የለም። እኛም አንገምትም። እንዳስተማሩን ቦታውን ባዶ ትተነዋል፦

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

ፈጣሪ ነፍሳቸውን እውነቱ ፊት ለፊት በሚነገርበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም የሚጠይቁንን ሰምተን የምንመልስበት አንደበት ይስጠን።