ወፍራሙ መስኮት

ጥቅምት 6
መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ መጣ። የድንጋይ መመርመሪያ ማሽኑን፣ ማይክሮፕሮቡን፣ ሁለቴ ከዜሮ አስነሣሁ... ይሄም ሥራ ተባለ።

ከሰዓት ከአይከል ወዲያ ካለ መንደር አያ ካሴ መጡ፣ የልጅ ልጃቸውን አበቡን አስከትለው። የሚጠጡት ጉድጓድ ፍሎሪን በዝቶበት የልጆቹን ጥርስ አበላሽቷል። አዲስ ሊቆፈርላቸው ነው፤ ውሃው ገና አልወጣም፣ እኛ ጋ ያለው ለሙከራ ከመሬቱ የወጣው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ፍሎሪን ካለው ውሃውም አይቀርለት። "ድንጋዩ ሸጋ ነው ወይ ልጄ?" አሉኝ። ገና አልለካሁትም፣ ምን ልበል?

አበቡ ስታወራ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ። አንዴ አሳቅኋት... ወዲያው ፊቷን አዞረች።

ጥቅምት 9
ድንጋዩን ለካሁ። ፍሎሪን የለም። በአንዱም ናሙና! ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ከአሮጌው ጉድጓድ ብዙም አይርቅ፣ ድንጋዩም ያው ዓይነት... እንዴት ምንም?

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሰውአገኝ ግን "በቃ፣ ፈርሚና ይላክ" አሉ። እዚያው ፊቴ ለአያ ካሴ ደውለው አበሰሯቸው። ምን አጣደፋቸው?

ጥቅምት 10
አልፈረምኩም። ማሽኑን የምንፈትንበትን ድንጋይ አስገባሁ፣ ግማሽ ያህሉ ፍሎሪን የሆነውን። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የለም! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ።

ቴክኒሻኑን በላቸውን ያዝኩት።
"የማሽኑን የኤክስሬይ ቆጣሪ መስኮት ነክተኸዋል?"
አንገቱን አከከ። "መብራት በሄደ ቁጥር አየር መሳቢያው ፓምፕ ይቆማል፣ የመስኮቱ ስስ ፕላስቲክ ይቀደዳል። ሰለቸኝ። ወፍራም አደረግሁበት። ይኸው ከክረምት ጀምሮ አንዴም አልተቀደደ!"

አልተቀደደ! ኩራቱስ... ከድንጋዩ የሚወጣው የፍሎሪን ኤክስሬይ እኮ አቅም የለውም። በስሱ ፕላስቲክ እንደምንም ያልፋል፣ በወፍራሙ እዚያው ተውጦ ይቀራል። ቆጣሪው ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ዓይናችንን በብርድ ልብስ ሸፍነን ምንም የለም እንላለን።

"ለማን ነገርክ?"
"ለዶክተር። ይሁን አሉኝ።"

ያውቅ ነበር። እያወቀ ፈርሚ አለኝ! ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አልለውም፣ ቢያንስ እዚህ ደብተሬ ላይ።

ጥቅምት 13
ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ።
"ቃልኪዳን፣ ነገር አታክርሪ። ማሽኑ ያላየውን አላየንም አልን፣ በቃ።"
"የለም ነው ያሉት እንጂ አላየንም መቼ አሉ!"
"ከክረምት ጀምሮ የላክነው ውጤት ሁሉ ሊጠየቅ ነው? ስማችንስ?"

ስማችን! የሰው ልጅ ጥርስና አጥንት ይበላሽ፣ የእሱ ስም ግን አይነካ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ... እሱም ራሱን ንጉሥ አድርጎ። የእርስዎ ልጆች የታሸገ ውሃ ነው የሚጠጡት አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "የላቦራቶሪውን ቁልፍ ነገ አምጪ" አለኝ።

ነገ እሺ። ዛሬ ግን እጄ ላይ ነው።

በላቸው ሳልጠራው መፍቻውን ይዞ መጣ። ስሱን ፕላስቲክ አብረን ወጠርነው። "ብቻ መብራት አይሂድ፣ ብቻ መብራት አይሂድ" ይላል እየደጋገመ። አልሄደም። መጀመሪያ መፈተኛውን ድንጋይ አስገባሁ፤ ማሽኑ አየው። ከዚያ የአያ ካሴን ድንጋይ... ሞልቶታል። ፍሎሪን ሞልቶታል!

ደስ አላለኝም። ማን ሄዶ ይንገራቸው?

ጥቅምት 14
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። ውጤቱንም አብሬ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ጥቅምት 15
አይከል ወርጄ፣ ከዚያ በእግር። የቆፋሪው መኪና ቆሟል፣ መንደሩ ከብቦታል። እልል ሊሉ ተዘጋጅተው... ነገርኳቸው።

ጮኹብኝ። "ምነው ልጄ?" አሉ አያ ካሴ። "ትናንት ሸጋ ነው አላችሁ። ዛሬ መርዝ?" እውነታቸውን ነው። ስለ ፕላስቲኩ ነገርኳቸው፤ እኔም እያፈርኩ፣ እየተናደድኩ። አንዱ "ጥርስ ቢበላሽ ነፍስ አይወጣ! ውሃ ስንት ዘመን ለመንን፣ ይቆፈር!" አለ። ይቆፈር፣ ይቆፈር አሉ ሌሎቹም። አያ ካሴ መሬት መሬት ያያሉ። ያመጣሁትን ወረቀት የሚቀበለኝ እንኳ ጠፋ።

አበቡ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ሕፃን ወንድሟን አቅፋለች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችው።
"ይሄም ሲያድግ እንደኔ ይሸፈን?"
አፏን ገልጣ ወደ እያንዳንዱ ዞረች። ያ ጥርስ ቢበላሽ ያለው ሰውዬ ላይ ስትደርስ ቆየችበት። ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

አያ ካሴ ወደ ሹፌሩ ሄዱ። "ማኪናህን አንሣ" አሉት። "እኛ ሌላ ቦታ እስኪፈለግልን እንጠብቃለን። ዘንድሮም እንጠብቃለን።"

አበቡ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለዚያ ሰውዬ ድንጋጤ አወራችልኝ፣ ሳቀችም። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።