የኮት መስቀያው ሹመት

ይድረስ ለምንሳሳልሽ ለእትዬ፤

እንዴት ሰንብተሻል? እኛ ቤቱ ጭር ከማለቱ በቀር ደህና ነን።

በቅድሚያ የኮት መስቀያችን ከበር ጠባቂነት ተነሥቶ በልጃችን አልጋ ራስጌ መሾሙን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደው ልጃችን ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ከአፍንጫው እስከ ሆዱ የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ አለው። የእናቱ ወተት እየታለበ ሲሪንጅ ውስጥ ይጨመራል፤ መስቀያው ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ወተቱም ቀስ እያለ ይወርዳል። ኮቶቻችን ወደ ወንበር ተሰደዋል።

ነርሷ «ወተቱ ሲወርድ የታጠበ ጣት አፉ ውስጥ አድርጉለት፤ መጥባት ይለምዳል» ብላናለች። ጣቴ ግን እንደ ተረሳ እንግዳ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚገርምሽ፣ ወተቱ መውረድ ሲጀምር እናቱ ምራቋን ትውጣለች፣ አማቴም ይውጣሉ፣ እኔም እውጣለሁ። የሦስታችን ጉሮሮ ይሰማል። እሱ ዓይኑን ገልጦ ያየናል፣ እንደ ተቆጣጣሪ።

ጎረቤታችን ሊጠይቀን መጥቶ ብዙ ከተጫወተ በኋላ «ልጁ መቼ ነው ከሆስፒታል የሚወጣው?» አለ።

«አጠገብህ ተኝቷል» አሉት አማቴ።

ሰውየው ወንበሩን ሸሸት አደረገ። «ታዲያ አያለቅስም እንዴ?»

«ጨዋ ነው» አልኩት።

ደግሞም ማክሰኞ አልቅሷል። ሦስታችንም ሰምተን ከየክፍላችን ሮጠናል።

ደግ ደጉን ያሰማን።
ወንድምሽ

ማረሚያ፦ ከላይ «ማክሰኞ አልቅሷል» የተባለው ትክክል አለመሆኑ ተረጋግጧል። ስንደርስ ልጁ አፉን ገጥሞ ተኝቶ ነበር። ከሦስታችን «ድምፁ የእኔ ነው» ብሎ ያመነ እስካሁን የለም።