ለጫጩቶቹ ደህንነት ሲባል

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? እጀታውን በክር ያሰርከው መነጽርህ አሁንም አለ ወይስ እማዬ ተሳክቶላት ጣለችው? የስፌት መኪናህ እንደ ድሮው ይጮኻል? እማዬ ከነጉልበቷ፣ ወንድም ጋሼ ከነኩርፊያው፣ ትንሿ እህቴ ከነፈተናዋ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ከአንድ ሥራ አስኪያጅ በቀር ያስቸገረኝ ነገር የለም።

ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም። ተከስሼ ስለነበር ነው። እንዳትደነግጥ፣ ፍርድ ቤት አልቆምኩም። የተከሰስኩት «እንቁላል ስትረከቢ ጫጩት አይፈለፈልም» ተብዬ ነው። ሳቅ አይደል? እኔም አሁን ነው የሳቅኩት፤ ያኔ አንጀቴ ቅጥል ብሎ ነበር።

እንደምታውቀው የምሠራው ጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ ነው። እንቁላል ከሁለት እርባታዎች ይመጣልናል፤ አንደኛው እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ሌላው በጣም ሩቅ ነው። ቁም ሣጥን በሚያካክሉ ማሽኖች ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ይሞቅና በመጨረሻው ቀን ግቢው በጫጩት ጩኸት ይሞላል። የእኔ ሥራ መመዝገብ ነው፦ ስንት ገባ፣ ስንት ተፈለፈለ፣ ያልተፈለፈለውስ ለምን? «ለምን» የምትለዋን ማንም አልጠየቀኝም። ከትምህርት ቤት ይዣት የመጣሁ ናት።

ነገሩን የጀመርኩት ግን እኔው ነኝ። ሥራ አስኪያጁ «ያንን ስታቲስቲክስሽን ለእኛም አካፍይን እንጂ» ብለውኝ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጠሁ። ተዛምዶ ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ነጥብ በነጥብ እያስቀመጥኩ አሳየኋቸው። ሁለት ነገሮች አብረው ከፍ አብረው ዝቅ የሚሉ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ፣ ተዛምዶ አላቸው ይባላል አልኩ። በነጥቦቹ መሀል መስመር አሰመርኩ። ሥራ አስኪያጁ መስመሩን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ቀጥዬ ዋናውን ነገር፣ አብሮ መሄድ ብቻውን አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት እንዳልሆነ ልናገር አፌን ስከፍት የምሳ ሰዓት ደረሰና ሁሉም ብድግ አለ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰርተፊኬት መስጠትና ፎቶ መነሳት ነበረብን። ስለዚህ ድርጅታችን በግማሽ ሥልጠና ሙሉ ሰርተፊኬት ያለው ድርጅት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ! ሥራ አስኪያጁ ረጅም ማስመሪያና አራት ዓይነት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ገዙ። ያገኙትን ሁሉ ነጥብ ያደርጉት ጀመር። በራችን ላይ ሁሉን ነገር «ይመዝገብ» የሚሉ ዘበኛ አሉ፤ ስማቸውም ጋሽ ይመዝገብ ሆኖ ቀርቷል። ጋሽ ይመዝገብ ብርድ ስለማይወዱ በዝናብ ወራት ጺማቸውን አይላጩም። ሥራ አስኪያጁ ጺሙንና ዝናቡን አስተያዩና መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣላቸው። የግቢው መንገድ ጭቃ እንዳይሆን ጋሽ ይመዝገብ እንዲላጩ ታዘዙ። ተላጩ። ዝናቡ ግን ትእዛዙ አልደረሰውም መሰል ዘነበ።

እኔ ያን ቀን ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሳቄ ግን አልሰነበተም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ሰው ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ተኮልኩሎ አገኘሁ፤ እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። ሰሌዳው ላይ ጠረጴዛ የሚያህል ወረቀት ተለጥፏል። አግድም መስመሩ ላይ የእኔ ስም፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንቁላል እንደተረከብኩ። ሽቅብ ባለው መስመር ላይ ከመቶ የተፈለፈሉት። ነጥቦቹ እንደ ደረጃ ቁልቁል ይወርዳሉ። እኔ በበዛሁ ቁጥር ጫጩት ያንሳል ማለት ነው።

በጣም ያናደደኝ ምን መሰለህ? ነጥቦቹ ትክክል መሆናቸው። መዝገቤን አውጥቼ ቆጠርኩ። ሌላ ሰው ከተረከበው ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህል ይፈለፈላል፤ እኔ ከተረከብኩት ስልሳ መሙላቱም ያጠራጥራል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ «እኔ እንቁላሉን ምን አድርጌው ነው?» አልኳቸው። «እሱን እኔ አላውቅም፤ መስመሩን ተመልከቺ። ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ» አሉኝ። ማታውኑ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ለጫጩቶቹ ደህንነት ሲባል» ባዶ ትሪ ወደሚከማችበት መጋዘን ተዛውሬያለሁ ይላል። ሌላ ቦታ ብሆን ገደ ቢስ ይሉኝ ነበር፤ እዚህ ግን በማስመሪያ ነው የተባልኩት።

ከሁሉ ሆድ ያስባሰኝ የሰዉ ነገር ነው። እንቁላል በባትሪ እያዩ የሚለዩ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ እትዬ ባትሪ እንላቸዋለን፤ እንደ እናት ነው የሚያዩኝ። እሳቸው እንኳ «ልጄ፣ እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ግን ለማንኛውም በጓሮ በር ውጪ» አሉኝ። ጫጩት በካርቶን የሚያጓጉዙት ልጆች ሳልፍ ካርቶኑን በጃኬታቸው ይሸፍኑ ጀመር። እኔ ግን አንገቴን አልደፋሁም። እንዲያውም ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር የማልፈው።

ግን መጋዘኑ ጠቀመኝ። ቀኑን ሙሉ ትሪ ሳገላብጥ ከሩቁ እርባታ የመጡት ትሪዎች ጠርዛቸው እንደተሰነጣጠቀ አየሁ። ከቅርቡ የመጡት ደህና ናቸው። ጋሽ ይመዝገብ ዘንድ ሄጄ የበሩን መዝገብ ለመንኳቸው። «ሥራ አስኪያጁ ፈቅደዋል?» አሉኝ። «ጺምዎን ያስላጩዎት እሳቸው አይደሉ?» ስላቸው መዝገቡን በሁለት እጃቸው አስረከቡኝ። የሩቁ መኪና ሁልጊዜ የሚደርሰው ሠራተኛው በሰርቪስ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ሰዓት ማን ይቀራል? ክፍሏ ከመንገድ ማዶ የሆነ ልጅህ ናታ! የሩቁን እንቁላል ሁልጊዜ የምረከበው እኔ ነኝ፤ እንቁላሉ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጠጠር መንገድ ሲንገጫገጭ ውሎ ነው የሚመጣው። ለካ እኔንና ያልተፈለፈሉትን ጫጩቶች ያገናኘን ያ መንገድ ነው።

አባዬ፣ ሳይንስና የሰው አፍ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት ቁጭ ብለን «ይኼና ያ ግንኙነት አላቸው» ካልን «ይኼ ነው ያንን ያመጣው» ማለታችን ነው፤ ጥፋተኛው ተገኘ፣ አለቀ። ሳይንስ ተዛምዶ ሲል ግን ገና መጠርጠሩ ነው። ሁለቱ አብረው ሄዱ፤ እሺ፣ ከኋላቸው ሆኖ ሁለቱንም የሚነዳ ሦስተኛ ነገር ይኖር ይሆን? ብሎ ይጠይቃል። ያንን ጥያቄ ነው ምሳ የበላብን።

ይህን ሁሉ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። በጥርስ ሕመም ተኝቼ በቀረሁበት ሳምንት የሩቁን መኪና እትዬ ባትሪ አምሽተው እንደተረከቡና ያኔም ስልሳ እንዳልሞላ አሳየኋቸው። ሥራ አስኪያጁ ግን «ክፍልሽ እኮ ከመንገድ ማዶ ነው፤ ርቀትሽ በቂ አልነበረም» አሉኝ። ይኼኔ ሽንጤን ገትሬ ቆምኩ። «እንግዲያው እንሞክረው። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከቅርቡ እርባታ እንቁላል አጠገብ ልቀመጥ፤ የሩቁን እትዬ ባትሪ ይረከቡ» አልኩ። «ከተበላሸስ?» «እሄዳለሁ።» «የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ላይ ምክንያቱን እንደምጽፍ ዕወቂ» አሉ። ያ ከተጻፈ ደግሞ እንኳን ማስፈልፈያ ዳቦ ቤትም አይቀጥረኝም። እሺ ብዬ ፈረምኩ።

ወንበር ይዤ ማሽኑ ሥር ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት እንቁላሎቹን «እንዴት አደራችሁ» እላለሁ። ሥራ አስኪያጁን አማሁላቸው። ሲሰለቸኝም ተቆጣኋቸው። ውሸት ምን ያደርግልኛል አባዬ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ራሴን ተጠራጠርኩ። ነጋ ጠባ «በአንተ ነው» ሲሉህ፣ ሒሳቡን ብታውቅ እንኳ እጅህን ኪስህ ውስጥ መደበቅ ትጀምራለህ። እኔም ማሽኑን ላለመንካት ስጠነቀቅ ራሴን አገኘሁት። በሃያ አንደኛው ቀን ከውስጥ ጥፍር የምታህል ድምፅ ተሰማች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ግቢው አበደ። ከመቶ ሰማንያ ሰባት!

የሩቁ ሃምሳ ስምንት ሆነ። እትዬ ባትሪ ጭንቅላታቸውን ይዘው «በእኔ ነው እንዴ?! ሰባት ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ እኮ!» ብለው ጮኹ። «በጠጠሩ ነው እንጂ በእርስዎ አይደለም» ብዬ እስካረጋጋቸው ጉሮሮዬ ደረቀ። በነጋታው ስገባ ሥራ አስኪያጁ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አዲስ ሥዕል ለጥፈዋል። ነጥቦቹ አሁን ሽቅብ ይወጣሉ። ሥሩ ላይ «ለጫጩቶቹ ደህንነት ሲባል» በየማሽኑ ሥር ተራ በተራ እንድቀመጥ የሚል ትእዛዝ አለ። ጫጩት ገዳይነቴ ቀርቶ ጫጩት አስፈልፋይ ሆንኩልህ!

ሹመቱን እሺ ብል ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ እከበር ነበር። ግን እምቢ አልኩ። «እንቁላል እኔን አያውቀኝም፤ ጥፋቱንም ምስጋናውንም አልፈልግም» አልኩና ሁለቱንም ወረቀት ሰው እያየ ከሰሌዳው ገነጠልኳቸው። ጋሽ ይመዝገብ ከበሩ «ይመዝገብ!» ብለው ጮኹ። ዛሬ ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሻለሁ። የሩቁ መኪና ትሪ ሥር ጭድ ተደርጎለታል፣ ሾፌሩም ቀስ እንዲል ተነግሮታል፣ እንቁላሉም ማሽን ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ያርፋል። ውጤቱ ሊታወቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ተሳስቼ ከሆነም የተሳሳተው ግምቴ ነው እንጂ እግሬ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ «ተሳስቻለሁ» አላሉም፤ «ሥልጠናው መቀጠል አለበት» ነው ያሉት። እሺ አልኩ፤ በዚህኛው ግን ከምሳ በፊት ማንም አይነሳም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በመጀመሪያው ሥዕል ጀርባ ላይ ነው፤ ብትገለብጠው ልጅህን አግድም መስመር ሆና ታገኛታለህ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ያን ሃያ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሆኜ ስላንተ ሳስብ ነበር። ሬዲዮ ላይ ኳስ ስትሰማ ቡድናችን ይሸነፋል ብለን ከቤት ማስወጣታችን ትዝ አለህ? ካፖርትህን ደርበህ በመስኮቱ ሥር ትቆምና «ገባ?» ትላለህ፤ እማዬ ከውስጥ «አትጠጋ!» ትልሃለች። ሁሉም በቀልድ ነበር የጀመረው። በቁም ነገር ያረጋገጠው ማን ነው? እኔ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ደብተሬ ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ አባዬ ሲሰማ አሥራ አራት ጨዋታ፣ ሽንፈት አሥራ አንድ ብዬ ለቤተሰቡ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አንተ አልተከራከርክም። «ልጄ ከቆጠረችው ትክክል ነው» ብለህ ካፖርትህን አነሳህ።

ያ ደብተር አብሮኝ ነው። ትናንት ገልጬ አየሁት። ቡድናችን በሜዳው የሚጫወተው ቅዳሜ ነበር፤ አንተ ሱቅ ነህ፣ ከስፌት መኪናህ ጋር ሬዲዮ አይሰማም። ከሜዳው ውጪ የሚጫወተው እሑድ ነበር፤ አንተ ቤት ነህ። አሥራ አራቱም የእሑድ ናቸው፤ ከሜዳው ውጪ ደግሞ አንተ ብትሰማም ባትሰማም ይሸነፋል። አንተን ካስወጣንህም በኋላ መሸነፉን አልተወም፤ እኔ ግን መቁጠር ትቼ ነበር። እኔን ሁለት ወር አቃጠለኝ ብዬ ግቢ አናወጥኩ፤ አንተ ግን ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድብህ ሳታማርር ቆመሃል። ይቅርታ አድርግልኝ አባዬ። ቆጠራዬ ትክክል ነበር፤ ፍርዴ ነው የተሳሳተው።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤም ጮክ ብላ ለሁሉም ታንብብልኝ። ወንድም ጋሼን ሰላም በልልኝ፤ ጨዋታ ሲጀመር በሩን የሚቀረቅረው እሱ ነበርና ከእንግዲህ ወንበርህን ለቆ እሱ መሬት ይቀመጥ። ለትንሿ እህቴ ፈተናውን እንዳትፈራ፣ አስተማሪዋ ግን መስመር ሲያሰምር «ለምን?» ብላ እንድትጠይቅ ንገርልኝ። በመስኮት እያጮለቀ «ዛሬም ውጪ ነህ?» እያለ የሚስቅብህን ጎረቤታችንን ፀጉር አስተካካዩንም ሰላም በልልኝ፤ ካፖርቱን እሱ ይውሰደው።

የፊታችን እሑድ ጨዋታ አለ፤ ከሜዳቸው ውጪ ናቸው። ሬዲዮውን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ወንበርህ ላይ ተደላድለህ ተቀመጥ። ከተሸነፉም አንተ ቤት ውስጥ ሆነህ ይሸነፉ።

ልጅህ

ከማስፈልፈያው ማዶ ካለችው ክፍሌ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን