የጠፋው የዘይላ መብራት

ለውድ ልጄ ለሁዳን፣

የአላህ ሰላም ካንቺና ከልጆችሽ አይለይ። እኔ ለእርሱ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

እጠብቀው የነበረው የወደቡ የመብራት ማማ ሥራ ካቆመ ሃያ ዓመት ሞላው። በቀደም ወንድምሽ ጉሌድ፣ «አባ፣ ደሞዝ የሚከፍሉህ ይመስል ዛሬም ማማውን ትጠብቃለህ» እያለ ሲቀልድብኝ ቆየና፣ «ለመሆኑ መብራቱ ሲበላሽ ጀልባ እንዴት ይወጣ ነበር?» አለኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው የለምና ደስ አለኝ። እንግሊዞች ማማውን ከሠሩበት ጊዜ ጀምሬ ተረክሁለት። ማማውንና የመስጊዱን በር ከኋላው በአንድ መስመር ይዞ የወጣን ጀልባ ከውሃው ሥር ያለው አሸዋ አይነካውም አልሁት። ድገምልኝ አለኝ፤ ደገምሁለት። መኩራቴን አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ «ቦራማ ሁዳን ዘንድ ልሰንብት» ብሎ ሁለቱን የውሃ ጀሪካን ይዞ ወጣ።

«ቦራማ ውሃ ጠፋ እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ ደግሞ ጨዋታ አታጣም» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የጎረቤታችን የሮብሌ ጀልባም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቦታዋ የለችም፤ ለዓሣ ወጥታ ይሆናል።

ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ባሕሩ ወረድሁ። ከመስጊዱ በር በማማው አልፎ ወደ ባሕሩ የሚዘረጋውን መስመር በዓይኔ ተከትዬ የጀልባ መውጫውን ፈለግሁ። እዚያ ወፎች ቆመዋል፤ ውሃው ጉልበታቸው አይደርስም። ለካስ አሸዋው በእነዚህ ዓመታት ሲጓዝ ኖሯል። ሳላይ ነው የነገርሁት።

ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌር መልስሽን ሳይቀበል አይመለስም። ጉሌድ አጠገብሽ ካለ በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። በዱዓሽ እኛን ሁለታችንን አትርሺ።

አባትሽ ዋርሳሜ