ማሚና የፖስተኛው ኮፍያ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5
ሆላንድ፣ ዘሄግ ከተማ። ዛሬም ዝናብ። ምሳ ድንች። እራትም ድንች... ሩዝ አማረኝ። ሰዉ ሁሉ "እንኳን ለአገራችሁ አበቃችሁ" ይለናል። የቱ አገራችን? ማሚም እኔም የተወለድነው ሆላንዶች በሚገዟት በጃቫ ደሴት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6
ማሚ ዛሬም ለፖስተኛው እጅ ነሳች። እጆቿን ከጎኗ ለጥፋ፣ ከወገቧ እጥፍ ብላ፣ ልክ በጦርነቱ ጊዜ ጃፓኖች ባሰሩን ካምፕ እንደለመድነው። እዚያ የደንብ ልብስና ኮፍያ ያየች ሁሉ ማጎንበስ ነበረባት፤ የዘገየች ጥፊ ትቀምሳለች። ማሚ ብዙ ቀምሳለች። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት አለፈው፤ ወገቧ ግን ገና አልሰማም።

አከራያችን ወይዘሮ ቬርስቴግ በሳቅ ፈረሰች። "ኧረ ሄርሚን፣ እናትሽ ፖስተኛውን ንጉሥ አደረገችው እኮ!"

ተናደድኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11
ማሚ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ አገኘች! በሳምንቱ ትጀምራለች። ግን በትራም ነው የሚኬደው። ትኬት ቆራጩ ደግሞ ባለኮፍያ...

"አልሄድም። ሰው ፊት ልዋረድ? ተይኝ ልጄ።"

አባቴ፣ ፓፒ፣ ከካምፕ አልተመለሰም። ይሄ ሥራ ካመለጠን ከዚህች ጠባብ ክፍል መቼ ልንወጣ ነው?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12
ፖስተኛውን በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ሄሪት ይባላል። ጢሙን እየጎተተ ሰማኝ። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አለ። እኔስ ምን አውቄ...

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13
ኮፍያውን ብስክሌቱ ላይ ሰቅሎ፣ መላጣው በዝናብ እየራሰ መጣ! ማሚ ማጎንበስ ጀምራ አቆመች። መላጣውን አየችው።

"ብርድ ይመታዎታል እኮ!"

"እርስዎ ቀና ይበሉልኝ እንጂ፣ ይምታኝ።"

ማሚ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ! ስንት ጊዜ ሆነኝ ሳቋን ከሰማሁ... እግዜር ይስጠው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16
ሄሪት በየቀኑ ያለኮፍያ። ወይዘሮ ቬርስቴግም መሳቋን ተወች። ማታ ማሚ ድንች እየላጠች፣ "እስቲ ሰኞ ትራሙን እንሞክረው" አለች። ጆሮዬን አላመንኩም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18
ሄድን። ትኬት ቆራጩ ወጣት ነው፤ ድምፁ ግን ነጎድጓድ። "ትኬት! ቶሎ በሉ!"

የማሚ እጆች ከጎኗ ተለጠፉ። ወገቧ መታጠፍ ጀመረ... በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

ግማሽ እንደታጠፈች ቆመች። ቀስ ብላ ተቃናች። ኮፍያውን ትክ ብላ አየችውና፦

"አንተ ልጅ፣ እናትህን የምታክል ሴት ስታናግር ኮፍያ አይወለቅም እንዴ? የእኛ ፖስተኛ በዝናብ እንኳ ያወልቃል!"

ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። አወለቀ።

ዛሬ ያጎነበስኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን የማስር መስዬ አለቀስኩ።