ስልክህ ላይ ስለ ደረሰው መልእክት

ለልጄ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እናትህስ እንዴት ናቸው? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምርልህ ደህና አለመሆኔን ስልክህ ቀድሞ ነግሮሃል። ሚጣ ግን በጣም ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ስለ ወለቀ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ቅዳሜ ስትወስዳት ታየዋለህ። ዓይተህ እንዳትስቅባት፣ ታኮርፋለች።

ልደውልልህ ስልኩን ደጋግሜ አንስቼ ተውኩት። እኔና አንተ በስልክ ስናወራ ምን እንደምንሆን ታውቃለህ፤ «ሀሎ» ሳንባባል እንጣላለን። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። ስለዚህ እባክህ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ባለቤትህ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ማግኘቷን የሚገልጽ መልእክት ከኢንሹራንሱ ደርሶሃል። እውነት ነው። «ባለቤትህ» የሚለው ብቻ ነው ጊዜው ያለፈበት። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ስሜን ከኢንሹራንስህ ላይ እስካሁን ለምን እንዳላሰረዝከው አላውቅም። ረስቶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ተናገሪ ካልከኝ፣ ዝም ያልኩት እንዳላስታውስህ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሚጣን ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ ቆመህ ጫማዬን ጫማዬን ታይ ነበር። ምንም አላልክም። እሑድ መልሰህ ስታመጣትም እንዲሁ። ያን ዝምታህን ምን ልበለው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንቅልፍ ከዳኝ። ሆቴሉ ውስጥ መተኮሻ ማሽኑ ላይ እንደምሠራ ታውቃለህ። አንድ ቀን አንሶላ ዘርግቼ ክዳኑን ዘጋሁበትና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ያነቃኝ ሽታው ነው፤ ነጩ አንሶላ መሐሉ ጠቁሮ ጭስ ያወጣል። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይናገረኝ ፎጣ እያጠፍኩ ማልቀስ አመጣሁ። አለቃችን፣ ያቺ «ጄኔራሏ» የምንላት፣ ልትጮኽብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዕቃ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችና፣ አንሶላው ይተካል፣ አንቺን ግን ከየት አመጣለሁ፣ ሂጂና ታከሚ አለችኝ። የክሊኒኩን አድራሻ የሰጠችኝም እሷ ናት። ከየት እንዳወቀችው አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ተኝቼ አልታከምኩም፤ ገብቼ፣ ከሐኪሟ ጋር አውርቼ፣ መድኃኒቴን ይዤ እወጣለሁ። ክሊኒኩ በአንድ ቀለም መሸጫ በኩል ነው የሚገባው፤ ያየህ ሰው ሁሉ ቤት ልታስቀባ የገባህ ነው የሚመስለው። መደበቅ የፈለገ ሰው እዚያ ቢሄድ አይገርምም። መድኃኒቱ መጀመሪያ አፌን አደረቀው እንጂ አሁን ለምጄዋለሁ፣ እንቅልፌም ተመልሷል። በዚህ ሁሉ መሐል ሚጣን ከመዋዕለ ሕፃናቷ አንድም ቀን አርፍጄ አልወሰድኳትም። ይህን የምልህ ልመና አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የምከፍለው ከኪሴ ነው። ኢንሹራንሱ ሙሉውን እንደሚሸፍን አጥቼው አይደለም። ግን መታወቂያው የወጣው ባንተ ስምና ስልክ ነው፤ እኔ በተጠቀምኩበት ቁጥር ላንተ ስልክ ያሳብቃል። የሚጣን ትኩሳት ይንገርህ፣ ግድ የለም። ይህን ግን እንድትሰማው አልፈለግሁም። በወሩ መጨረሻ አጎትህና አክስቴ ተቀምጠው ሚጣ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከማን ጋር እንደምትኖር ሊነጋገሩ ነው። አጎትህን አውቃቸዋለሁ፤ «የአእምሮ ሐኪም» የምትለዋን ቃል ከሰሙ ሌላ ነገር አይሰሙም፣ አንዴ የያዙትንም አይለቁም። እብድ ልጅ አታሳድግም ብለው ልጄን ከእጄ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ እሑድ እሑድ የጎረቤት መጋረጃ እየተኮስኩ ከፈልኩ።

ያን ማክሰኞ ግን ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ ፈቃድ ላይ ነበረች። በቦታዋ የተተካችው አዲሷ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ሳወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የኢንሹራንሱን መታወቂያ አየችው። ይህ እያለሽ ለምን ትከፍያለሽ ብላ፣ አፌን ሳልከፍት ላጥ አድርጋ ወሰደችና ቁጥሩን አስገባችው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እሷ ግን በደግነት ነው፣ የጠቀመችኝ መስሏት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። ስህተት ነው፣ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ሽምጥጥ አድርጌ እክድህ ነበር። አዲሷ ሠራተኛ ግን ስክሪኑ ላይ የመጣውን ያንተን ስልክ ቁጥር እያየች፣ በዚህ ቁጥር የተከፈተ ሌላ ካርድ አለ አለችኝ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ማን ጠየቀኝ ሳትል ቀጠለች።

«የረቡዕ ተመላላሽ ናቸው፤ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸውም እንዳንቺው ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት። ምን ነካችሁ?»

ቁጥሩ ተሳስቶ መሆን አለበት አልኳት። መታወቂያውን ተቀብዬ፣ ሐኪሟን ሳላይ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀለም ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬ፣ እህቴ ምን ሆነሻል፣ ውኃ ላምጣልሽ ወይ ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

እኔና አንተን ያጣላን ረቡዕ አልነበር? ረቡዕ ማታ አርፍደህ ትመጣለህ፤ የት ነበርክ ስልህ ሥራ በዛ ትለኛለህ። ከደመወዝህ የሚጎድለውን ስጠይቅህ ግድግዳ ታያለህ። እኔስ ምን ልበል? ሴት ይዟል አልኩ። ለእናትህ ነገርኩ፣ አጎትህ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። አንተም አይደለም ብለህ አንድም ቀን አልተከራከርክም። «እንዳልሽ» ብለህ ኮትህን ለብሰህ ወጣህ። ያ «እንዳልሽ» ነው አንጀቴን ያሳረረው፤ ንጹሕ ሰው ቢሆን ይሟገት ነበር ብዬ። ለአንድ ወንድ ባለ ውሽማ ከመባል የሚብስበት ነገር ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ያ እንዳንተ ክሬን የሚነዳው ረጅሙ የሥራ ጓደኛህ ትዝ አለኝ። አንድ የአእምሮ ሐኪም ወረቀት ለቢሮ ስላስገባ ብቻ ከክሬኑ አውርደው መጋዘን በር ላይ እንዳስቀመጡት የነገርከኝ። ነግረኸኝ ስታበቃ ወጥተህ በረንዳው ላይ ቆምክ። እኔ ደግሞ እራቱ በረደ ብዬ ጠራሁህ።

ተናድጄብሃለሁ። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ለኔ አለመንገርህ አሳርሮኛል። አሳዝነኸኛልም። ከዚያ በላይ ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው የለኝም፣ አንተም እንድትመልስልኝ አልጠብቅም።

ስሜን ከኢንሹራንሱ ማሰረዝ ከፈለግህ አልቀየምህም፤ የሚጣን ብቻ ተወው። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የራሴን ጉዳይ ራሴ እናገራለሁ። ከሌላ አፍ ከሚሰሙት ከኔው ቢሰሙት ይሻላል፤ ልጄን ሊወስዱብኝ ካሰቡም ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ። ከዚያ አጎትህ ፊት የተናገርኩትን አጎትህ ፊት እመልሳለሁ። ሴት የሚባል ነገር አልነበረም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ታዲያ የት ነበር ቢሉኝ፣ አላውቅም እላለሁ። ቢያፋጥጡኝም አላውቅም ነው የምለው።

አንድ ነገር ልለምንህ። ማክሰኞ ከሰዓት እኔ ስለማይመቸኝ ሚጣን አንተ ብትይዛት ደስ ይለኛል። ረቡዕ እኔ እይዛታለሁ። ልታያት አምሽተህ ብትመጣም ግድ የለም፣ አትቸኩል።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ቢያኮርፉኝም አድርስልኝ። ጠዋት ያወጣህ ክሬን ማታ በደህና ያውርድህ። ጤናውን ይስጥህ፣ እንቅልፍም አይንሳህ።

የሚጣ እናት